ከመጠለያ አጠገብ የሚሠራ የእሳት ጉድጓድ፦ አሠራሩና ጥንቃቄው

ስለ ሥራ ቦታ ደኅንነት ስንማር ስለ ሄልሜትና ስለ ጓንት ብዙ እንላለን። ሌሊት ስለሚነድ እሳት ግን እምብዛም አናነሣም። እኔ ይህን ርዕስ የመረጥኩት በድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ አካባቢ ሸራ ወጥረው የሚያድሩ ዘበኞችንና የቀን ሠራተኞችን አስቤ ነው። ግንባታ ባለበት ሁሉ ሻይ የሚፈላበትና ጅብ የሚያባርር እሳት አይጠፋም። ስለዚህ «አታንድዱ» ከማለት አሠራሩን ማሳየት ይሻላል።

አንደኛ፣ ቦታ መምረጥ። አቧራ በትነን የነፋሱን አቅጣጫ እናያለን። ጉድጓዱ ነፋሱ መጠለያውን አልፎ በሚሄድበት በኩል ይሁን። ርቀቱ ቢያንስ 3 ሜትር፣ ሸራ ወይም ላስቲክ ከሆነ ደግሞ 5 ሜትር ቢሆን ይመረጣል። ወደ ላይ ቀና ብለን የግራር ቅርንጫፍ ወይም የኤሌክትሪክ ሽቦ አለመኖሩንም እናረጋግጥ። ለመቆፈር ይቀላል ተብሎ የደረቀ ወንዝ አሸዋ ላይ መስፈር አይገባም። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ፈጅቷል። ጎርፉ ከደጋው ስለሚወርድ ከተማው ላይ ሳይዘንብም ሊደርስ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ቁፋሮ። ዙሪያውን እስከ 1.5 ሜትር ድረስ ደረቅ ሣርና ቆሻሻ እንጠርጋለን። ጥልቀቱ 30፣ ስፋቱ 60 ሳንቲሜትር ያህል ይበቃል። የወጣው አፈር አይጣል፤ ጠርዙ ላይ ይከመር።

ሦስተኛ፣ ድንጋይ። ከወንዝ የተለቀመ እርጥብ ድንጋይ አደገኛ ነው። ውስጡ ያለው ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ መጠኑ ከ1,600 ጊዜ በላይ ስለሚጨምር ድንጋዩ ፈንድቶ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። የአርማታ ስባሪም እርጥበት ስለሚይዝ እንደዚያው ነው። ከደረቅ ቦታ የተገኘ ጠጣር ድንጋይ እንጠቀም።

አራተኛ፣ ማገዶ። የካሳፎርማ ጣውላ ብዙ ጊዜ የተቃጠለ ዘይት የተቀባ ነው፤ ጭሱ መርዛም ይሆናል። ፕላስቲክ ቱቦና ቀለም የተቀባ እንጨትም እንዲሁ። ደረቅ ግራር ካለ እሱ ይበቃል፤ ነበልባሉ ግን ከጉልበት በላይ እንዳይወጣ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመር።

አምስተኛ፣ ማጥፋት። ብዙ ሰው አሸዋ ከምሮበት ይሄዳል። ይኼ እሳቱን ይሸፍነዋል እንጂ ቶሎ አያጠፋውም፤ ፍሙ ከሥር ለሰዓታት ስለሚቆይ ጠዋት በባዶ እግሩ የሚረግጠው ሰው ይቃጠላል። ውኃ ማፍሰስ፣ በእንጨት ማማሰል፣ እንደገና ማፍሰስ ነው። ውኃ ከሌለ ያስቀመጥነውን አፈር እየጨመርን ደጋግመን እናማስላለን። የእጅን ጀርባ አስጠግተን ሙቀት ከተሰማን ገና አልጠፋም ማለት ነው።

በመጨረሻ፣ ሌሊቱ በረደ ተብሎ ፍም በምድጃ ይዞ ሸራ ውስጥ መተኛት ፈጽሞ አይገባም። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው የተኛን ሰው ሳያነቃው ይገድላል። እሳቱ ውጭ፣ ሰው ውስጥ፤ ብርዱን የሚመክተው ብርድ ልብስ ይሁን።