ያረጀ ሞተር ብስክሌት ዳገት ሲያቅተው

ከዚህ ግቢ ወጥተን በእርሻ፣ በጤና ወይም በትምህርት ሥራ ወደ ወረዳ ከምንመደበው መካከል አንዳንዶቻችን ከእኛ በፊት አራት አምስት ሰው የተፈራረቀበት ሞተር ብስክሌት እንረከባለን። ስለ አነዳዱ የሚያስተምረን አይጠፋም፤ ኃይል ሲያንሰው ምን እንደሚደረግ የሚያስረዳ ግን እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ የምዕራብ ጎጃምን መንገድ ምሳሌ አድርገን ጥቂት ለመጻፍ ወደድን።

ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ወደ ደጋ ዳሞት፣ ወደ ፈረስ ቤት የሚወጣ አንድ የጤና ሠራተኛ እናስብ። ከኋላው ክትባት የያዘ የበረዶ ሣጥን አስሯል። ሜዳውን ደኅና ሲሮጥ የነበረው ሞተር ዳገቱ ላይ ያለከልካል፤ ሦስተኛ ማርሽ ይከብደዋል፣ በሁለተኛውም እያጉረመረመ ይቆማል። በረዶው ይቀልጣል፤ ልጆቻቸውን አዝለው የመጡ እናቶችም ይጠብቃሉ። በዚህ ጊዜ ከየአቅጣጫው የሚሰማው ፍርድ አንድ ነው፤ «ፋሻው አልቋል፣ ሞተሩ ይከፈት!»። ይህ ፍርድ ብዙ ጊዜ የተቻኮለ ነው፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም።

በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት፣ «ይኸው ሞተር አምና ይህንኑ ዳገት ይወጣ ነበር ወይ?» የሚለው ነው። ለምን ቢባል፣ አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ ለመቃጠል 15 ኪሎ ገደማ አየር ይፈልጋል። ከፍታ ሲጨምር ደግሞ አየሩ ይሳሳል፤ በ3,000 ሜትር ላይ የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለሆነም ምንም ያልተበላሸ ሞተር እንኳ በየ1,000 ሜትሩ ከኃይሉ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር በዚህ ላይ ለሳሳው አየር የሚበዛ ቤንዚን ያፈሳል። ጢሱ ይጠቁራል፤ ካንዴላው ደረቅ ጥላሸት ይለብሳል። መድኃኒቱ አነስ ያለ ጂግለር መግጠም፣ ወይም የካርቡራቶሩን መርፌ የሚይዘውን ቅንጥብ አንድ እርከን ወደ ላይ አውጥቶ መርፌውን ዝቅ ማድረግ ነው። ነገር ግን ከቡሬ በነቀምት መንገድ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሰው ወደ ቀድሞው ይመልሰው፤ አለዚያ ቤንዚን አንሶት ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል።

አምና ይወጣ ከነበረ ግን ተራራው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። እኛ በመጀመሪያ የምንጠረጥረው የአየር ማጣሪያውን ነው። በበጋ የዚያ አገር አቧራ እንደ ዱቄት የላመ ነው፤ ስፖንጁን ደፍኖ ሞተሩን አንገቱን እንደ ተያዘ ሰው ያደርገዋል። በሳሙና ውኃ አጥቦ፣ ደኅና አድርጎ አድርቆ፣ በጥቂት ዘይት አሽቶ መመለስ ነው። አንዳንዶች «ያለ ማጣሪያ ይሻለዋል» ብለው አውጥተው ይጥሉታል። በእርግጥ ለጥቂት ቀን የተሻለው ይመስላል፤ አቧራው ግን ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ይበላዋል፤ ያን ጊዜ «ፋሻው አልቋል» የሚለው ሐሜት እውነት ይሆናል።

ቀጥሎ ቤንዚኑ ነው። ሞተሩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዶ የሚደክም፣ ቆሞ ሲያርፍ ግን የሚነሣ ከሆነ የታንኩን ክዳን ከፍቶ ማዳመጥ ይገባል። አየር «ፍስስ» ብሎ ከገባና ሞተሩ ከነቃ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል፤ በቀጭን ሽቦ ይጠረጋል። በየመንገዱ በጠርሙስ የሚሸጥ ቤንዚን ውኃ ወይም ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበት ሊሆን ስለሚችል የካርቡራቶሩን ጽዋ አውርዶ ዝቃጩን ማየት ደግ ነው።

ካንዴላው ራሱ ምስክር ነው። ቀላ ያለ ቡናማ መልክ ካለው ደኅና ነው፤ ከነጣ ቤንዚን አንሶታል፤ በዘይት ከራሰ ደግሞ ዘይት ወደ ማቃጠያው እየገባ ነው ወይም እሳቱ ደክሟል። ክፍተቱ በብዙዎቹ ሞተሮች ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። ፑንቲና ባላቸው አሮጌ ሞተሮች የፑንቲናውም ክፍተት ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ይሁን። ባለ ሁለት ምት ከሆነ ማርሚታውም ይታይ፤ የተቃጠለ ዘይት ስለሚጋገርበት ጢሱ መውጫ ያጣል።

ሞተሩ እየጮኸ ጎማው የማይፈጥን ከሆነ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው፤ ሞተሩ ጥፋት የለበትም። ጎማውን ከመሬት አንሥቶ በእጅ ማሽከርከርም ፍሬን መያዙን ይገልጣል።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ ካልዳነ ብቻ ወደ ፋሻው እንመለስ። ካንዴላውን ነቅሎ በቀዳዳው አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ማፍሰስ፣ ካንዴላውን መልሶ በእግር መርገጥ ነው። መርገጫው ከቀድሞው ይልቅ ከጠነከረ ዘይቱ ያለቀውን ፋሻ ተክቶ እየሠራ ነውና ሞተሩ ይከፈት። ካልተለወጠ፣ ሞተሩም ባለ አራት ምት ከሆነ፣ የሚያፈሰው ቫልቩ ሊሆን ስለሚችል መካኒኩ አስቀድሞ የቫልቩን ክፍተት እንዲለካ እንንገረው።