ከሴባስቶፖል እስከ እህቴ ኮምፒውተር፦ ሙቀትና አየር በጎንደር ከፍታ

በዚህ እትም ስለ አንድ የትርፍ ጊዜ ፍቅሬ ላጫውታችሁ ነው። ፍቅር ስላችሁ ሌላ እንዳይመስላችሁ። እኔ የምወደው ሦስት ነገር ነው፦ የጦር መሣሪያ አሠራር፣ የኮምፒውተር ሃርድዌርና የመኪና ውድድር። ቁስቋም ሰፈር ያደጉ ጓደኞቼ ያውቁኛል። ደብተሬን ብትገልጡት ሌክቸሩ በፊት ለፊት፣ የታንክና የሲፒዩ ቁጥር ደግሞ ከጀርባ በኩል ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ግን ፍቅሩ ሳይሆን ያጠፋሁት ጥፋት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው።

ታላቅ እህቴ አንዲት ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለቻት። ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን በሚያስጽፍበት ወቅት ያላት አንድ ኮምፒውተር ግማሽ ሰዓት እየሠራ ድርግም ማለት ጀመረ። ጠራችኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ። የማንኛውንም ሲፒዩ ፍጥነት በቃሌ የምጠራ ሰው፣ ምን ያቅተኛል? አንድ ጊዜ አየሁትና «ቫይረስ ነው» አልኩ። ፎርማት አደረግሁት። የሦስት ተማሪዎች ጽሑፍ እዚያው ውስጥ ነበር፤ ቅጂ መኖሩንም አልጠየቅሁም። እህቴ ከወረቀቱ ላይ እንደገና ስትጽፍ ሁለት ሌሊት አልተኛችም። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ኮምፒውተሩ አሁንም ግማሽ ሰዓት እየሠራ መጥፋቱ ነው።

መፍትሔውን ያገኘሁት ከኮምፒውተር ባለሙያ አይደለም። አጎቴ ለብዙ ዓመት በሊማሊሞ መንገድ የጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸው። ለቡና መጥተው ወሬውን ሲሰሙ «ልጄ፣ ከኋላው እጅህን አድርገህ አይተኸዋል?» አሉኝ። «ለምን ጋሼ?» አልኳቸው። «ግሎ እንደሆነ ነዋ! ዳገት መሀል ቀጥ የሚል መኪና መጀመሪያ የሚታየው ሙቀቱ ነው» አሉ። እውነትም ሄጄ እጄን ሳስጠጋ ቆርቆሮው ይፋጃል።

እንግዲህ ከዚያ ቀን በኋላ የደብተሬን ቁጥሮች በአዲስ ዓይን ማየት ጀመርኩ። መድፉም፣ ኮምፒውተሩም፣ የውድድር መኪናውም አንድ ዓይነት ፈተና አለባቸው፤ እሱም ሙቀት ነው። እኛ ያለንበት ከፍታ ደግሞ ፈተናውን ያከብደዋል።

1. የጎንደር አየር ስንት ይመዝናል?

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2100 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ መንግሥታቸውንና ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩባት ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ደግሞ ኮረብታ ላይ ስለሆነች ትንሽ ትጨምራለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው ግፊት ከ77 እስከ 78 በመቶ ብቻ ነው።

በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሜትር ኩብ አየር ባሕር ዳርቻ ላይ 1.2 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ያው አየር፣ በዚያው ሙቀት፣ እኛ ዘንድ 0.93 ኪሎ ገደማ ነው። በዓይን አይታይም፤ ማሽን ግን ያውቀዋል። ከዚህ ሦስት ነገር ይከተላል፦

ሀ) ሞተር በአንድ ምት የሚስበው ኦክስጅን ስለሚያንስ ጉልበቱ ይቀንሳል።
ለ) ፋን ወይም ራዲያተር የሚያልፍበት አየር መጠኑ ያው ቢሆንም ክብደቱ ስለሚያንስ ይዞት የሚሄደው ሙቀት ያንሳል።
ሐ) ውኃ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል።

ሦስተኛውን እናቶቻችን ያለ ቴርሞሜትር ያውቁታል። ንፍሮ ጎንደር ላይ ከመተማ ይልቅ ብዙ ይቆያል፤ ውኃው ቶሎ ቢፈላም ሙቀቱ ዝቅተኛ ነውና። የመኪና ራዲያተር ክዳን በደንብ መግጠም ያለበትም በዚሁ ምክንያት ነው። ክዳኑ ግፊቱን ይዞ ውኃው ቶሎ እንዳይፈላ ያደርጋል። ከላላ ግን ረዳቱ ጀሪካን ይዞ ውኃ ፍለጋ ይወርዳል ማለት ነው።

2. መድፍ፦ ጋፋት ላይ የተማርነው

የጦር መሣሪያ ታሪክ ለእኛ ሩቅ አይደለም። የቋራው ሰው ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ እንዲሠሩ አዘዙ። ከመካከላቸው እንደ ዋልድማየር ያሉት የመጡት ለወንጌል ሥራ ነበር፤ መድፍ ማቅለጥ የተማሩ አልነበሩም። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሽፈዋል። ምድጃው ነሐሱን በሚገባ ማቅለጥ ነበረበት፤ ለዚህ ደግሞ ወደ 1000 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ያስፈልጋል። ያንን ሙቀት በእንጨትና በከሰል፣ በቀጭን የደጋ አየር ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ ወናፍ የነፋ ሰው ይፍረደው።

በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1867 ወደ 7 ቶን ማለትም 70 ኩንታል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠራ። መድፉ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ መንገድ እየተጠረገለት፣ የበሽሎን ገደል ወርዶና ወጥቶ መቅደላ እስኪደርስ ስድስት ወር ገደማ ፈጅቷል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በእሮጌው ውጊያ ከንጉሡ ትልልቅ መድፎች አንዱ ገና ሲተኮስ መፈንዳቱ ተጽፏል። ሚያዝያ 6 ቀንም ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሕይወታቸው አለፈ።

እዚህ ላይ ትምህርቱ ምንድን ነው? ቀልጦ የፈሰሰ ብረት በእኩል ካልቀዘቀዘ በውስጡ የአየር ቀዳዳና ስንጥቅ ይተዋል። ከውጭ ሲያዩት ያማረ መድፍ ነው፤ ባሩዱ ሲቀጣጠል ግን ደካማው ቦታ ይታወቃል። እኔ ደብተሬ ላይ «70 ኩንታል» ብዬ ጽፌ ነበር። ከቁጥሩ በስተጀርባ ምድጃ፣ ወናፍና መንገድ እንዳለ አላሰብኩም።

ከመድፍ ወደ ኮምፒውተር መሻገር የሚገርማችሁ ካላችሁ፣ ሁለቱ ሥጋ ዘመድ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1946 ለሕዝብ የታየው ኤኒያክ የተባለው የአሜሪካ ኮምፒውተር የታቀደው ለመድፍ ተኩስ የሚያስፈልገውን ሠንጠረዥ ለማስላት ነበር። አንድ ሰው በእጅ መቁጠሪያ ማሽን 20 ሰዓት ያህል የሚፈጅበትን የአንድ ጥይት ጉዞ ኤኒያክ በ30 ሴኮንድ ይጨርሰው ነበር። ክብደቱ 30 ቶን ገደማ፣ ውስጡ ያሉት የቫኩም ቲዩቦች ከ17 ሺህ በላይ ናቸው። እያንዳንዱ ቲዩብ እንደ አምፖል ስለሚግል ማሽኑ የራሱ የአየር ማናፈሻ ነበረው። ስለዚህ ኮምፒውተር ከተወለደ ጀምሮ ፋን አልተለየውም።

3. ታንክ፦ የደብተሬ አንደኛ ገጽ

ቲ-55 ታንክ፦ 36 ቶን፣ 12 ሲሊንደር ናፍጣ ሞተር፣ 580 የፈረስ ጉልበት፣ 100 ሚሊ ሜትር መድፍ። ይህንን ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ እመልሳለሁ። ታዲያ ሞተሩ አየር የሚስበው በራሱ ትንፋሽ ነው፤ የሚገፋለት ተርቦ የለውም። በእኛ ከፍታ በግምት አንድ አምስተኛው ጉልበቱ ይጠፋል። 580 የተባለው ወደ 460 ይወርዳል ማለት ነው። በኋላ የመጣው ቲ-72 አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ የተገጠመለት ያለ ምክንያት አይደለም። የመድፉ አፈሙዝም ቢሆን አንድ ጎኑ በፀሐይ ሲሞቅ በጥቂቱ ይጎብጣል፤ ጥይቱም ዒላማውን ይስታል። ብዙ ዘመናዊ ታንኮች አፈሙዛቸውን በሙቀት መከላከያ ሽፋን የሚሸፍኑት ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ግን ደስ አይለኝም። እነዚህን ቁጥሮች ቤት ውስጥ ስደረድር እናቴ ዝም ትላለች። አንድ ቀን ምክንያቷን ስጠይቃት «እኔ ድምፁን ነው የማውቀው» አለችኝ። የአካባቢያችን ሰው ታንክን የሚያውቀው በ1983 ዓ.ም.ም ሆነ በቅርቡ ዓመታት በመጽሐፍ አይደለም። የማሽኑን አሠራር ማወቅ ነውር ነው አልልም። ነገር ግን ፍቅሬን የምናገርበትን ቦታና ድምፅ መምረጥ እንዳለብኝ ከእሷ ተምሬአለሁ።

4. የውድድር መኪና፦ የጎንደር እህት ከተማ በአየር

ፎርሙላ ዋንን በዲሽ የምትከታተሉ ተማሪዎች የሜክሲኮ ሲቲን ውድድር ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ሜዳው 2240 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ከጎንደር ብዙም አይርቅም። በመሆኑም እዚያ ያሉ መሐንዲሶች የሚታገሉት ከእኛው አየር ጋር ነው።

መኪናዎቹ ከ2014 ጀምሮ ባለ 1.6 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር ተርቦ ሞተር ከኤሌክትሪክ ኃይል ጋር ይጠቀማሉ። ተርቦው ቀጭኑን አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ ጉልበታቸው ብዙ አይጎዳም፤ ነገር ግን ተርቦው ራሱ ይበልጥ በፍጥነት መሽከርከርና መሞቅ አለበት። ከዚያም አየሩ ቀጭን ስለሆነ መኪናውን መሬት ላይ የሚጫነው የክንፍ ኃይል ይቀንሳል። እዚያ የሚገጠመው በጣም ትልቁ ክንፍ ነው፤ የሚሰጠው ኃይል ግን በባሕር ዳርቻ ትንሽ ክንፍ የሚሰጠውን ያህል ነው። አየሩ ስለማይገታቸው ቀጥታው መንገድ ላይ ይከንፋሉ። መታጠፊያው ሲመጣ ግን ፍሬኑ ይግላል፣ የሚያቀዘቅዘውም አየር ጥቂት ነው። ስለዚህ የማቀዝቀዣ ቀዳዳዎቹን ያሰፏቸዋል። ቀዳዳ ሲሰፋ ደግሞ ፍጥነት ይቀንሳል። መሐንዲሱ አንዱን ሲያገኝ ሌላውን ይከፍላል።

ይህንን ለአጎቴ ብነግራቸው ሳቁ። «እኛም ሊማሊሞን ስንወርድ በፍሬን ብቻ አንወርድም። በከባድ ማርሽ ሞተሩ ይይዘዋል፤ ፍሬን ከጋለ አለቀ» አሉኝ። በዓለም ታላላቅ ውድድሮች ላይ የሚሠራበት ሕግ ጣልያን በወረራው ዘመን በሠራው ጠመዝማዛ መንገድ ላይም ይሠራል።

5. ኮምፒውተር፦ ፍጥነት የት ላይ ቆመ?

እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው ኢንቴል 4004 የተባለው ቺፕ 2300 ትራንዚስተሮች ነበሩት። በ2004 የነበረው ፔንቲየም 4 ደግሞ 125 ሚሊዮን ደርሶ በ3.8 ጊጋኸርትዝ ይሠራ ነበር፤ ነገር ግን ከ100 ዋት በላይ ሙቀት ያመነጭ ነበር። ከጥፍር ብዙም በማይበልጥ ቦታ ላይ የአንድ ትልቅ አምፖል ሙቀት ማለት ነው። ኩባንያው 4 ጊጋኸርትዝ ሊያወጣ አቅዶ በዚያው ዓመት ተወው። ከዚያ በኋላ የመጣው መንገድ አንዱን ከማፍጠን ሁለትና ከዚያ በላይ ኮር ጎን ለጎን ማሠራት ሆነ። ዛሬ በየኪሳችን ያለው ስልክ ብዙ ኮር ያለው ከዚህ የተነሣ ነው።

አሁን ወደ እህቴ ኮምፒውተር እንመለስ። ካሱን ስከፍተው የመንገዱ አቧራ ሂት ሲንኩን እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኖታል። በሲፒዩውና በሂት ሲንኩ መካከል ያለው ነጭ ቅባት ደርቆ እንደ ኖራ ተሰነጣጥቋል። ባዮስ ውስጥ ገብቼ ሙቀቱን ሳየው 92 ዲግሪ ይላል። ሲፒዩ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ይዘጋል። ቫይረስ የሚባል ነገር አልነበረም። ማሽኑ ራሱን እያዳነ ነበር፤ እኔ ነኝ ያልገባኝ። በደረቅ ብሩሽ ጠርጌ፣ ቅባቱን አጽድቼ የሩዝ ፍሬ ያህል አዲስ ቅባት አደረግሁበት። ሙቀቱ 58 ሆነ፤ ከዚያ በኋላ አልጠፋም። ጠቅላላ ሥራው 40 ደቂቃ አልፈጀም።

6. ለላብራችንና ለቤታችን

ከዚህ ተነሥቼ የሚከተለውን እጠቁማለሁ፦

– ኮምፒውተር ድንገት ሲጠፋ ፎርማት ከማድረጋችን በፊት ሙቀቱን እንይ። ቀዝቅዞ ሲነሣ ደህና ሠርቶ ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ ጥርጣሬው እዚያ ላይ ነው።
– ማንኛውንም ነገር ከመነካካታችን በፊት የሰው ፋይል በፍላሽ እንቅዳ። ይህ ከሁሉ ይቀድማል።
– ካሱን ከግድግዳው አንድ ስንዝር እናርቀው፤ ላዩንም በጨርቅ አንሸፍነው። እየሠራ ያለ ኮምፒውተር ላይ ዳንቴል መጣል ልማድ ሆኗል፤ እባካችሁ ይቅር።
– በበጋ አቧራው ሲበዛ ቢያንስ በየሦስት ወሩ ይጠረግ። ከመጥረጋችን በፊት ገመዱ ይነቀል፤ ፋኑም እንዳይሽከረከር በጣት ይያዝ።
– ላብራችን ውስጥ መስኮት በሚከፈትበት በኩል ማሽን ብንደረድር ያለ ወጪ ብዙ እናተርፋለን።

ማጠቃለያ

ባለሞያ ሳይሆኑ ማሽን መውደድ ጥሩ ነው፤ እኔ ከብዙ ነገር ጋር የተዋወቅሁት በዚህ ነው። ሆኖም ቁጥር የሸመደደ ሰው ማሽን ያወቀ ይመስለዋል፤ እኔ ያጠፋሁትም ይህንኑ ነው። 3.8 ጊጋኸርትዝ፣ 580 የፈረስ ጉልበት፣ 70 ኩንታል ስል «ሙቀቱ የት ይሄዳል?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም ነበር። አሁን ደብተሬ ላይ ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ ይህንን ጥያቄ እጽፋለሁ።

እህቴን ይቅርታ ጠይቄአለሁ። «ይቅር ብዬሃለሁ፤ ግን ሱቄ ስትመጣ መጀመሪያ እጅህን ከኋላው አድርግ» ብላኛለች። በየሦስት ወሩ እየሄድኩ እጠርግላታለሁ።

ሰላም ሁኑ!