ከሥራ መልስ አውሮፕላን መሥራት

አሜሪካ ውስጥ በገዛ ጋራዥ አውሮፕላን ገጣጥሞ በሕጋዊ መንገድ ለማብረር ኢንጂነር መሆን ግዴታ አይደለም። ነርሷም፣ የከባድ መኪና ሾፌሩም፣ የሂሳብ ሠራተኛዋም ይችላሉ። ሕጉ ከሠሪው የትምህርት ማስረጃ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ከግማሽ የሚበልጠው ሥራ ለትምህርት ወይም ለመዝናኛ ብለው በሠሩ ግለሰቦች እጅ መሠራቱን ነው። ሠሪዎቹ "የ51 በመቶ ደንብ" የሚሉት ይህ ነው። የፌዴራሉ የአቪዬሽን አስተዳደር፣ ኤፍኤኤ፣ መርምሮ መስፈርቱን ያሟላሉ ያላቸውን ኪቶች፣ ማለትም ለመገጣጠም የተዘጋጁ የአውሮፕላን ክፍሎች፣ ዝርዝር ያወጣል። ኪት ከመግዛትዎ በፊት ስሙ እዚያ መኖሩን ማየት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

የእጅ ሥራው ይለመዳል። የሚከብደው ሌላ ነው። ፋብሪካ ውስጥ አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ይመረምራል፣ ሦስተኛው ይፈርማል። ጋራዥ ውስጥ ግን ሦስቱም እርስዎ ነዎት፤ ያውም ቀን ሥራ ውለው፣ ማታ ደክሞዎት። ቀጥሎ የምመክረው ሁሉ ደክሞት የሚሠራ ሰው የራሱን ሥራ እንዴት አድርጎ ይመረምራል ከሚለው ጥያቄ የተነሣ ነው።

ከሰዓቱ እንጀምር። በብዛት የሚሠሩት የአልሙኒየም ኪቶች፣ ለምሳሌ ኦሪገን ግዛት አውሮራ ከተማ የሚገኘው ቫንስ ኤርክራፍት የሚያመርታቸው የአርቪ አውሮፕላኖች፣ እንደ ዓይነታቸው ከሺህ ሰዓት በታች የሚያልቁም፣ ሁለት ሺህ ሰዓት የሚጠጉም አሉ። 1500 ሰዓት ብለን እንያዝ። በሳምንት 10 ሰዓት የሚሠራ ሰው ሦስት ዓመት ያህል ይፈጅበታል። አሥሩን ሰዓት ቅዳሜና እሁድ ላይ ብቻ መጣል ግን አያዋጣም። የእኛ ሰው ቅዳሜና እሁዱ የራሱ አይደለም፤ ሠርግ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ክርስትና አለ፣ ማኅበር አለ። ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ ካለፈ በኋላ ወደ ጋራዡ የሚገባ ሰው የመጀመሪያውን ሰዓት የት እንዳቆመ በመፈለግ ያጠፋዋል። ስለዚህ ከሰኞ እስከ ዓርብ ማታ ማታ አንዳንድ ሰዓት ይያዙ፤ ቀሪው ቅዳሜ ሲገኝ ይሁን።

ሥራውንም እንደ ሰዓቱ ይከፋፍሉት። ማታ የሚሠራው ድምፅ የሌለውና ሲሳሳቱ ጉዳቱ ትንሽ የሆነው ነው፦ የላሜራ ጠርዝ ማለስለስ፣ የነገውን ሥዕል ማንበብ፣ ሪቬቶችን፣ ላሜራ ከላሜራ የሚያያይዙትን ሚስማሮች፣ በመጠናቸው መለየት። የሪቬት መዶሻ ኮምፕረሰሩ እየጮኸ ሌሊት ሲደበድብ ጎረቤት ፖሊስ ቢጠራ አይፈረድበትም፤ በዚያ ላይ የደከመ እጅ ቀጭን ላሜራ ይሰረጉዳል። መብሳትና ሪቬት መምታት ለቀን፣ ለነቃ ሰውነት ይቆይ። ደክሞዎት ከሆነ ጋራዡን ጠርገው ይውጡ። ይህም ሥራ ነው።

ገንዘቡ ላይ ብዙ ሰው የሚታለለው የኪቱን ዋጋ የአውሮፕላኑ ዋጋ አድርጎ ስለሚያይ ነው። ሞተሩ፣ ፕሮፔለሩ፣ የመቆጣጠሪያ መሣሪያዎቹና ቀለሙ ተደምረው አብዛኛውን ጊዜ ከኪቱ ይበልጣሉ። መልካሙ ነገር ብዙዎቹ ኪቶች በክፍል በክፍል ይሸጣሉ፤ መጀመሪያ ጭራው፣ ከዚያ ክንፉ፣ ከዚያ ገላው፣ በመጨረሻ ማጠናቀቂያው። ጥሬ ገንዘብ እየቆጠቡ አንዱን ሲጨርሱ ሌላውን ይዘዙ። በ2023 ቫንስ ኤርክራፍት በሌዘር ከተቆረጡ ክፍሎች ጋር በተያያዘ ስንጥቃት ችግር ገጠመው፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይም የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ኩባንያው በኋላ ከዚያ ወጥቷል፤ ነገር ግን ቀብድ ከፍለው ይጠብቁ ከነበሩት ደንበኞች ብዙዎቹ ትዕዛዛቸውን ለማስቀጠል ተጨማሪ እንዲከፍሉ ተጠይቀዋል። የአገሪቱ ትልቁ ኪት አምራች እንዲህ ከገጠመው፣ ለሌላውም ቢሆን የሁለት ዓመት ቀብድ አስቀድሞ መስጠት ጥበብ አይደለም። ኤሌክትሮኒክስ ደግሞ በመጨረሻ የሚገዛ ነው፤ ዛሬ ገዝተው ሣጥን ውስጥ ቢያስቀምጡት አውሮፕላኑ ሲያልቅ አርጅቶ፣ ዋስትናውም አልፎበት ያገኙታል።

ይህን ሁሉ ከትዳር ጓደኛዎ ጋር በወረቀት ላይ ይነጋገሩበት። ሦስት ዓመት ማታ ማታ ጋራዥ የሚያመሽ ሰው የቤቱን ሥራ ማን እንደሚሸፍንለት መጀመሪያ ካልተስማማ፣ ከሪቬቱ በፊት የሚላቀቀው ሌላ ነገር ነው።

ጭራው ቀድሞ የሚሸጠው በአጋጣሚ አይደለም። ትንሽ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ጠረጴዛ ላይ ይሠራል፤ ይሁን እንጂ ክንፉ ላይ የሚመጣው ሙያ ሁሉ እሱ ላይ አለ። ከእሱም በፊት አንድ የሳምንት መጨረሻ ሥልጠና ይውሰዱ። በ1953 ፖል ፖበርዝኒ የመሠረተው፣ ዋና ጽሕፈት ቤቱ ዊስኮንሲን ግዛት ኦሽኮሽ የሚገኘው የአውሮፕላን ሠሪዎች ማኅበር፣ ኢኤኤ፣ የላሜራ ሥራን ከሀ ጀምሮ የሚያስተምሩ አጫጭር ኮርሶች አሉት። እዚያ የሚያበላሹት ላሜራ የእርስዎ አውሮፕላን አይደለም።

አሁን ስለ ሪቬት። ትንሽ አውሮፕላን በሺዎች የሚቆጠሩ ሪቬቶች አሉት፤ እያንዳንዱ በዓይንና በመለኪያ ሊፈተሽ ይችላል። ባለ 1/8 ኢንች ሪቬት፣ ማለትም 3.2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፣ ከተመታ በኋላ ከኋላ በኩል የሚፈጠረው ራስ ስፋቱ የውፍረቱን አንድ ተኩል ያህል፣ ቁመቱ ደግሞ ግማሹን ይሆናል። ይህም ወደ 4.8 ሚሊሜትር ስፋትና 1.6 ሚሊሜትር ቁመት ነው። ቀዳዳው ከላሜራው ጠርዝ ቢያንስ የውፍረቱን ሁለት እጥፍ መራቅ አለበት፤ ከዚያ ከቀረበ ላሜራው ጠርዙ ላይ ይቀደዳል። ከተበሳ በኋላ በቀዳዳው ዙሪያ የቀረውን ስለት ማንሳት ከሁሉ የሚያሰለች፣ ከሁሉ የማይዘለል ሥራ ነው፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ስለት ነው። ላሜራ ላይ ምልክት ሲያደርጉ እርሳስ አይጠቀሙ፤ የእርሳሱ ግራፋይት አልሙኒየሙን ያስበላል። ማርከር ይበቃል።

ሪቬት መበላሸቱ አይቀርም። ሲበላሽ ሁለት ዓይነት ሠሪ አለ፤ አንደኛው "ምንም አይልም" ብሎ ያልፋል፣ ሌላው እያንዳንዱን ጥቃቅን እንከን ለማውጣት ትራፓኖ ያነሣል። ሁለተኛው የተሻለ ይመስላል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ሪቬት ሲወጣ ቀዳዳው የመስፋት ዕድል አለው፤ በትንሹ የተንጋደደ ሪቬት ከሰፋ ቀዳዳ የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው። መለኪያውን አስገብተው ስፋቱና ቁመቱ ከገደቡ ውስጥ ከሆነ ይተዉት። ከገደቡ ከወጣ፣ ወይም ራሱ የተሰነጠቀ ከሆነ፣ ይወጣል። እርስዎ መወሰን ካቃተዎት ነካ ሳያደርጉ በማርከር ከበው ሌላ ሰው እስኪያየው ይጠብቁ።

ይህን ሌላ ሰው ነው አጥብቄ የምመክረው። ኢኤኤ ቴክኒካል አማካሪ የሚላቸው በጎ ፈቃደኞች አሉት፤ ራሳቸው አውሮፕላን የሠሩ ወይም በጥገና ሙያ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ሲጠሩ ጋራዥዎ ድረስ መጥተው ያያሉ፣ ክፍያ የላቸውም። ይጥሯቸው፤ ደጋግመውም ይጥሯቸው፦ ጭራው ሲያልቅ፣ ክንፉ በላሜራ ከመዘጋቱ በፊት፣ ሞተሩ ከተገጠመ በኋላ። ከመዘጋቱ በፊት ማለት ልብ ይበሉ። የተዘጋ ክንፍ ውስጥ ያለ ስህተትን ማንም አያየውም። በእኛ ባህል እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጸዳል፤ አማካሪው ሲመጣ ግን ምንም አያስተካክሉ፣ በማርከር የከበቡትን ሁሉ ያሳዩት። ገመና አይደለም።

ሥራዎን በየቀኑ በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ቀኑንና የሠሩትን በአጭሩ ይጻፉ። ሁለት ጥቅም አለው። በመጨረሻ ለኤፍኤኤ ከግማሽ በላይ የሠሩት እርስዎ መሆንዎን የሚያስረዳው ይህ መዝገብ ነው። ሌላው ለራስዎ ነው፤ ከዓመት በኋላ "ያንን ብሎን አጥብቄዋለሁ ወይ?" ብለው ሌሊት ሲነቁ፣ መልሱ ፎቶው ላይ አለ። ብሎኖችን ካነሣን አይቀር፣ በመኪና ሥራ የጠነከረ እጅ ይጠንቀቅ። በአውሮፕላን ላይ በብዛት ያለው ባለ 3/16 ኢንች ብሎን የሚጠበቀው ከ20 እስከ 25 ኢንች ፓውንድ ብቻ ነው፤ ይህ በተራ ቁልፍ ሳይታወቅ የሚታለፍ ልክ ነው። የቶርክ መለኪያ ያለው ቁልፍ ይግዙ። የጠበቀውን ዳዶና ብሎን በአንድ የቀለም መስመር ምልክት ያድርጉበት፤ ምልክት የሌለው አልጠበቀም ማለት ነው፣ ክርክር የለውም።

ቀለምን አልፈዋለሁ። ሳይቀቡም ይበራል።

ነዳጅን ግን አላልፍም። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2012 ባወጣው ጥናት፣ በቤት የተሠሩ አውሮፕላኖች አደጋ በብዛት የሚመነጨው ከሞተር ኃይል መጥፋትና አብራሪው አውሮፕላኑን መቆጣጠር ካለመቻሉ ነው። አዲስ አውሮፕላን ላይ ሞተር የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ሞተሩ ስለተበላሸ ሳይሆን ነዳጅ ስላልደረሰው ነው። ታንኩ ውስጥ የቀረ የአልሙኒየም ፍቅፋቂ ወይም የማሸጊያ ሙጫ ቁራጭ ማጣሪያውን ይዘጋል። ታንኩን ደጋግመው ያጥቡ። ከዚያ የአውሮፕላኑ አፍንጫ በመውጫ ማዕዘን ቀና እንዲል አድርገው፣ ነዳጁ ወደ ሞተሩ የሚገባበት ጫፍ ላይ በደቂቃ ስንት እንደሚፈስ ይለኩ። በፓምፕ ለሚገፋ ሲስተም ሞተሩ በሙሉ ኃይል ከሚፈልገው 125 በመቶ፣ በራሱ ክብደት ለሚወርድ ደግሞ 150 በመቶ መሆን አለበት። ታንኩ ሊያልቅ ሲልም ይለኩ፤ ሙሉ ሲሆን የሚፈስ ሁሉ ሲጎድል አይፈስም። ሥራው የአንድ ከሰዓት ነው፤ ሰው እሳት ማጥፊያ ይዞ አጠገብዎ ይቁም።

ሁለተኛው የአደጋ ምክንያት ከጋራዡ ውጭ ነው። ሰው ሦስት ዓመት ሲሠራ ገንዘቡም ጊዜውም ወደ ላሜራው ይሄድና ማብረሩን ያቆማል። አውሮፕላኑ ሲያልቅ ሠሪው እጁ ዝጓል። ስለዚህ የአብራሪነት ፈቃድ ካለዎት በየወሩ ለጥቂት ሰዓት መብረሪያ ገንዘብ ከኪቱ በጀት ለይተው ያስቀምጡ፤ ከሌለዎት ትምህርቱን አውሮፕላኑ ሲጋመስ ይጀምሩ። ከመጀመሪያው በረራ በፊትም በዚያው ዓይነት አውሮፕላን ላይ ከአሠልጣኝ ጋር ይብረሩ። ኢንሹራንሶች ይህን ብዙ ጊዜ ያስገድዳሉ፤ ባያስገድዱም ያድርጉት።

የኤፍኤኤ መርማሪ ወይም ተወካዩ መጥቶ አይቶ የበረራ ብቁነት ሰርተፊኬት ሲሰጥዎ፣ ከእሱ ጋር ገደቦች ይመጣሉ። ሞተሩና ፕሮፔለሩ ተጣምረው ከዚህ ቀደም ዕውቅና ያገኙ ከሆኑ 25 ሰዓት፣ ካልሆኑ 40 ሰዓት በተወሰነ ክልል ውስጥ በሙከራ ይበራሉ። በቅርብ ዓመታት ሰዓት ከመቁጠር ይልቅ የተዘረዘሩ ሙከራዎችን ፈጽሞ የመጨረስ አማራጭም ተፈቅዷል፤ ይህኛው የተሻለ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ሰዓት ለመሙላት ብቻ ዙሪያውን መዞር ስለ አውሮፕላኑ ብዙም አያስተምርም። በዚህ ጊዜ ተሳፋሪ አይጫንም። እናትዎ ከአዲስ አበባ ቢመጡም፣ ልጆችዎ ቢያለቅሱም አይጫንም። የሚፈቀደው ብቃቱ የተረጋገጠ ሁለተኛ አብራሪ ነው፤ የሚገኝ ከሆነ ይዘውት ይውጡ።

አንድ የሚዘነጋ ወረቀት አለ። ዋናው ሠሪ ለዚያው አውሮፕላን የጥገና ሰርተፊኬት ከኤፍኤኤ መጠየቅ ይችላል፤ በየዓመቱ የሚደረገውን ፍተሻ ራሱ ሠርቶ የሚፈርመው በዚህ ነው። አውሮፕላኑን ከእርስዎ ለሚገዛ ሰው ይህ ሰርተፊኬት አይተላለፍም። ሲያመለክቱ አውሮፕላኑን ምን ያህል እንደሚያውቁት ይጠየቃሉ፣ ያ የፎቶ መዝገብም እንደገና ይወጣል። ሰርተፊኬቱ ከመጣ በኋላም በየዓመቱ በፍተሻው ቀን አማካሪዎን ቡና አፍልተው ይጥሩት፤ ሽፋኑን ከፍተው እጅ ባትሪውን ለእሱ ይስጡት፣ እርስዎ ደግሞ ያየውን ይጻፉ።