የሻምቡዋም ልጅ ትቆጠር

ከቀለብ ክስሽ ላይ ይሄን ሦስተኛውን መስመር ሰርዢው። ትከሻሽ ላይ ሆኜ ሳነብ እንደምትናደጂ አውቃለሁ፤ ግን «ተከሳሽ ከነዚህ ሁለት ልጆች በቀር የሚያሳድገው ልጅ የለም» ብለሽ ጽፈሻል። ሻምቡ ያለችውን ልጁን አንቺም ታውቂያታለሽ፣ እኔም አውቃታለሁ። ፎቶዋ ስልክሽ ውስጥ አለ። እሱ መልስ ሲሰጥ በመጀመሪያ የሚያወጣው የሻምቡውን የቀለብ ፍርድ ነው፤ ያን ቀን ዳኛ ፊት ውሸታሟ አንቺ ትሆኛለሽ፣ ከዚያ በኋላ የምትናገሪውን እውነት ሁሉ ማን ይሰማሻል?

ስለዚህ ቅደሚው። ሻምቡ አንድ ልጅ እንዳለችው፣ በወር 4,000 ብር እንደተቆረጠበት፣ ጊምቢ ደግሞ ከአዲሷ ሚስቱ አራስ ልጅ እንዳለው ራስሽ ጻፊው። የሻምቡው መዝገብ ያለው በሆሮ ጉዱሩ ነው፤ ያንቺ ነቀምቴ ሊከፈት ነው። ሁለቱ ፍርድ ቤቶች አይተያዩም። የሚያስተያያቸው ወይ እሱ ነው ወይ አንቺ፤ እሱ ሲያስተያያቸው ደግሞ የሚመቸውን ወረቀት ብቻ ነው ይዞ የሚመጣው።

ደግሞ ስለ ሻምቡዋ ልጅ እናት «እኔ በሰማንያ ነው ያገባሁት፣ እሷ ግን…» ማለትሽን ተዪ። ሰማንያሽ ላንቺ ነው፤ ለልጆቹ ብልጫ አይሰጣቸውም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ያለ ጋብቻ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደው እኩል መብት አለው ይላል። ይህን ዳኛው ከሚነግሩሽ እኔ ብነግርሽ ይሻላል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ለአንድ ልጅ ይህን ያህል፣ ለሁለት ይህን ያህል የሚል ሠንጠረዥ በሕጋችን የለም። አዲስ አበባ ያሉት በአዋጅ 213/1992 ይዳኛሉ፤ እኛ በኦሮሚያው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ 69/1995። ሚዛኑ ግን ያው ነው፤ በአንዱ በኩል የልጁ ፍላጎት፣ በሌላው የከፋዩ አቅም። ቀለብ ሲባልም እህል ብቻ አይደለም፤ መኖሪያው፣ ልብሱ፣ ሕክምናው፣ ትምህርቱ ሁሉ አለበት። ሚኒሶታ ያለችው የአክስታችን ልጅ እንደነገረችኝ እዚያ የሁለቱም ወላጆች ገቢ ይደመራል፣ ለሌላ ልጅ የተፈረደበት ካለ አስቀድሞ ይቀነሳል፣ የቀረው በቀመር ይሠራል። እኛ ጋ ቀመሩ ያለው ዳኛው ህሊና ውስጥ ነው። ቁጥሩን ካላቀረብሽላቸው ከየት ያመጡታል?

እስክሪብቶውን ስጪኝ። ለስሌት እንዲመቸን ደሞዙ 18,000 ነው እንበል። የግል ባንክ ሠራተኛ ስለሆነ የሚገዛው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ነው፤ በዚያ አዋጅ ከደሞዝ ላይ ባንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከሲሶ አይበልጥም። ሲሶው 6,000። የሻምቡዋ 4,000 ትወስዳለች። ለሁለቱ ልጆችሽ ስንት ቀረ? 2,000። በነፍስ ወከፍ አንድ አንድ ሺህ፣ ለዚያችኛዋ አራት። በራስ ቁጥር እኩል ቢካፈል ደግሞ ሁለት ሁለት ሺህ ይደርሳቸው ነበር። እዚህ ላይ ነው ሰው ሁሉ የሚሳሳተው፤ ገንዘቡ ያነሰው እሷ ስለወሰደችው ይመስለዋል።

እሷ አይደለችም። ሲሶ ማለት ከደሞዙ ላይ መቁረጥ የሚቻለው ወሰን ነው እንጂ የቀለቡ መጠን አይደለም። ሰውየው ደሞዝ ብቻ ነው ወይ ያለው? ጊምቢ አባቱ ያካፈሉት ቡና የት ገባ? በዓለም ገበያ «ለቀምት» እየተባለ የኛን የነቀምቴን ስም ይዞ የሚዞረው ቡና እኮ ከነዚያ ማሳዎች ነው የሚለቀመው። የሻምቡው ፍርድ ሲሰጥ ቡናው እንዳልተነሳ የልጅቷ እናት ራሷ ነግራኛለች። አዎ፣ አግኝቻታለሁ፤ አትዪኝ እንደዚህ።

ጣውንትሽ አይደለችም እህትዬ። በሷ ላይ ከሄድሽ 4,000ው ይቀነስልኝ ብሎ የሚያመለክተው እሱ ነው፤ የልጆቹ ቁጥር ስለጨመረ ምክንያት አያጣም። ከሷ ቀንሰው ላንቺ ቢጨምሩ ድስቱ ያው ነው። ከሷ ጋር ከሄድሽ ግን ሁለታችሁም ቡናውን ታስቆጥራላችሁ። ቀለብ አንዴ ከተፈረደ የሚዘጋ ነገር አይደለም፤ ሁኔታው ሲለወጥ እንዲሻሻል መጠየቅ ይቻላል። የሷን የፍርድ ግልባጭ ላኪልኝ በያት፤ አንቺ ደግሞ የመሬቱን የይዞታ ማረጋገጫና የግብሩን ደረሰኝ፣ ማሳውንም የሚያውቁ ሁለት ምስክሮች ፈልጊ። የጊምቢ ሰው ዝም አይልም፣ በተለይ በጎረቤት ቡና ጉዳይ።

ቡናው በየወሩ ስለማይገባ በዓመት አንዴ፣ ሽያጩ ካለፈ በኋላ እንዲከፈል ጠይቂ። ያኔ የሚገባውን አስቀምጪው፤ የመስከረም ደብተር ከጥር ብር ነው የሚገዛው፤ ያን ጊዜ ደግሞ እጅሽ ቀዳዳ እንደሆነ አውቃለሁ።

አራሱን ልጅ በተመለከተ ጠንቀቅ በዪ። «አራተኛም ልጅ አለኝ» ይላል፣ እውነቱን ነው፣ ልጁም ምንም አላጠፋም። ነገር ግን ያ ልጅ አባቱ ቤት ነው የሚያድገው፤ ከደሞዙ የቀረው 12,000 የሚበላው እዚያው ነው። ከሲሶውም ድርሻ አለው፣ ከቀረውም ይበላል ከተባለ አንዱ ልጅ ሁለቴ ተቆጠረ ማለት ነው። ይህን ባጭሩ ጻፊው፣ አትሳደቢበት።

ሌላው የከፋዮች ብልሃት ብድር ነው። ክሱ ሊመጣ ሲል ከቁጠባና ብድር ማኅበር ይበደሩና የክፍያ ወረቀታቸው ላይ ሲሶው ቀድሞ ሞልቶ ይታያል። ባንኩ ደሞዙን፣ አበሉንና ተቆራጩን ከየቀናቸው ጋር ዘርዝሮ እንዲያሳውቅ ትእዛዝ ይጻፍልኝ በዪ። ብድሩ ከክሱ በፊት ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ ክሱ በደረሰው ሳምንት ከሆነ ግን ዳኛው ቀኑን ያነቡታል።

አንቺም ታዋጫለሽ፤ እናትም የመቀለብ ግዴታ አለባት። ከሱቅሽ የምታገኚውን አትደብቂ። የቤት ኪራዩን፣ የትንሿን የአስም መድኃኒት፣ የትልቁን የትምህርት ቤት ክፍያ በየደረሰኙ አያይዢ። «ለልጆቼ ማሳደጊያ 10,000 ብር» ብሎ ከመጻፍ «መድኃኒት ይህን ያህል፣ ኪራይ ይህን ያህል» ማለት ክብደት አለው። ልጆች በራስ ቁጥር ይካፈላሉ ብዬሻለሁ፤ የታመመ ልጅ ግን ከጤነኛው ይበልጥ ያስፈልገዋል። የሻምቡዋም ብትታመም እንዲሁ ነው።

ጃርሶሊ፣ ሽማግሌዎቹ፣ እንነጋገር ካሉሽ እሺ በዪ። በአዋጅ 240/2013 የታወቁት የባህል ፍርድ ቤቶችም አሉ፤ መነ ሙርቲ አዳ መሄድም ትችያለሽ። የተስማማችሁበት ግን ሽማግሌ ልብ ውስጥ አይቅር፣ ይጻፍ። እኔ በቃል ተስማምቼ፣ ከዚያም በይሉኝታ ሰባት ወር ዝም ብዬ ምን እንዳገኘሁ ታስታውሺያለሽ። ውዝፍ ቀለብ ሦስት ወር ካለፈው ማስከፈሉ ቀላል እንዳልሆነ ያኔ ማን ነገረኝ? አንድ ወር ሲያልፍሽ አፈጻጸም ክፈቺ። «ጨነቀኝ፣ ትንሽ ታገሺኝ» ሲልሽ እየታገሽውም ቢሆን ክፈቺ።

በወንጀል ላሳስረው ያልሽውን ለጊዜው ተዪው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 658 ቀለብ የሚከለክለውን ይቀጣል፣ እውነት ነው። ግን የታሰረ ሰው ደሞዝ የለውም፣ የባንክ ሥራውንም ሊያጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ የሁለታችሁም ሲሶ ዜሮ ነው። አለኝ እያለ፣ እየቻለ እምቢ ካለ ያኔ እንነጋገራለን።

ይህ ያማርኛው ረቂቅ ነው፤ ፍርድ ቤት የሚገባው በኦሮምኛ፣ በቁቤ ተጽፎ ነው። ለጸሐፊው ስትሰጪው ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አንብቢለት፤ አንዷ ዜሮ ብትዘለል ልጆቹ ናቸው የሚጎዱት። «ቀለብ» ለሚለው እንኳ አትጨነቂ፣ በኦሮምኛም ቀለባ ነው።

በይ ያን መስመር እንዲህ አድርጊው፦ «ተከሳሽ ከነዚህ ሌላ ሁለት ልጆች ያሉት ሲሆን፣ ለአንዷ የተወሰነው ቀለብ የፍርድ ግልባጭ ተያይዟል።» ግልባጩን የምትልክልሽ እሷ ናት። ስልኩን ያዥው፣ እየጠራ ነው።