«ውሃ ከጠጣሁማ ሽንት ቤት መሄዴ ነው»

ዛሬ የምናወራው ስለ ውሃ ነው። «ደግሞ ስለ ውሃ ምን ይወራል?» እንዳትሉኝ። እኔም አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እስክታናግረኝ ድረስ እንደዚያው ነበር የማስበው።

በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከክበብ አባላት ጋር ስለ አባላዘር በሽታዎች ተወያይተን ስንጨርስ፣ ልጅቷ ጓደኞቿ እስኪወጡ ጠብቃ መጣች። «ቲቸር» አለችኝ (የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ነኝ፤ ለተማሪ ግን ሁላችንም ቲቸር ነን)። ስትሸና ያቃጥላታል። ቶሎ ቶሎ ያጣድፋታል፤ ስትሄድ ግን ጠብ የሚለው ትንሽ ነው። ከወንድ ጋር ግንኙነት አድርጋ አታውቅም። ሆኖም እኛው በለጠፍነው ፖስተር ላይ «ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል» የሚለውን አንብባ፣ «እማዬ ብትሰማ ምን ትለኛለች?» በሚል ፍርሃት ሁለት ሳምንት ሙሉ ዝም ብላለች።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ አብረን ሄድን። ሽንቷ ሲመረመር የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሆኖ ተገኘ። ነርሷ መድኃኒቱን ከሰጠቻት በኋላ «ውሃ ትጠጫለሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ጠዋት ሻይ፣ ማታ ውሃ። ትምህርት ቤት ከጠጣሁማ ሽንት ቤት መሄዴ ነው፤ በሩ መቀርቀሪያ የለውም።»

እኔም ተማሪ እያለሁ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ከሰዓት በኋላ ራሴን ሲያመኝ ግን ሒሳብ ትምህርት ላይ አሳብብ ነበር!

ለመሆኑ ውሃ ሲያንሰን ምን ይፈጠራል? ከአዋቂ ሰው ክብደት 60 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። በሽንት፣ በላብና በትንፋሽ የወጣው ካልተተካ አፍ ይደርቃል፣ ራስ ያማል፣ ድካም ይመጣል፣ ሐሳብን መሰብሰብም ያስቸግራል። ኩላሊት ያለውን ውሃ ለመቆጠብ ስለሚሞክር ሽንት ያንሳል፣ ይጠቁራል። ሽንታችሁ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ከሆነ ደህና ናችሁ፤ ጠቆር ካለ ጠጡ።

በሴቶች ላይ ነገሩ ይከፋል። የሴት የሽንት መውጫ ቱቦ አጭር ነው፤ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ስለዚህ ከፊንጢጣ አካባቢ የሚመጣ ባክቴሪያ በቀላሉ ወደ ፊኛ ይደርሳል። ሽንት ሲወጣ ባክቴሪያውን ጠርጎ ያወጣዋል፤ ካልጠጣንና ከያዝነው ግን እዚያው ይራባል። በ2018 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነ ጥናት፣ ይህ ኢንፌክሽን የሚደጋገምባቸውና ውሃ እምብዛም የማይጠጡ ሴቶች በየቀኑ 1.5 ሊትር ውሃ ጨምረው ሲጠጡ፣ በዓመት ውስጥ የሚይዛቸው ጊዜ በግማሽ ገደማ ቀንሷል።

ይሁን እንጂ ማቃጠል ከአባላዘር በሽታም ሊመጣ ይችላል። የሚለየው ምርመራ ነው እንጂ ግምት አይደለም። ከጓደኛ የተረፈ ኪኒን መዋጥም አይሆንም። በተለይ ትኩሳትና የጎን ውጋት ከተጨመረበት ኩላሊት ጋ ደርሶ ሊሆን ስለሚችል ዛሬ ነገ ሳትሉ ሂዱ።

«ስንት እንጠጣ?» ለምትሉ፣ የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን ከ14 ዓመት በላይ ላሉ ሴቶች በቀን 2 ሊትር፣ ለወንዶች 2.5 ሊትር ይላል። ይህ ከምግብ የሚገኘውንም ይጨምራል፤ ወጡም ሻዩም ይቆጠራል ማለት ነው። ሰመራ ወይም ጋምቤላ ያለ፣ ወይም ኳስ የሚጫወት ተማሪ ከዚህ በላይ ያስፈልገዋል። በጾም ወቅት ደግሞ መጠጣት በሚፈቀድባችሁ ሰዓት አካክሱት።

ውሃው ንጹሕ ካልሆነ ሌላ በሽታ መግዛት ነውና አፍሉት። ከፍ ባለ ቦታ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ፣ ከ2000 ሜትር በላይ በሆኑት እንደ አዲስ አበባ፣ ደሴና ደብረ ብርሃን ባሉ ከተሞች መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ማቆየት ይመከራል።

ዩኒቨርሲቲ ሶስዮሎጂ ስንማር፣ የአንድ ሰው የግል ጭንቀት የሚመስለው ብዙ ጊዜ የጋራ ጉዳይ መሆኑን ሲ. ራይት ሚልስ እንደጻፈ ተምረን ነበር። የገባኝ ግን መቀርቀሪያ በሌለው በር ነው። የክበቡ ሴቶች ተሰብስበው ሲጠያየቁ፣ አብዛኞቹ ሆን ብለው ውኃ ሳይጠጡ ነበር የሚውሉት። ለርዕሰ መምህሩ ደብዳቤ ጻፉ። መልስ እስኪመጣ ሁለት ሁለት እየሆኑ መሄድ ጀመሩ፤ አንዷ ስትገባ ሌላዋ በሩን ትይዛለች።

በቅርቡ ስመለስ ከአራቱ በሮች ሁለቱ መቀርቀሪያ ተገጥሞላቸዋል። ልጅቷም ከደብተሯ ጋር ውሃ የሞላ የሃይላንድ ጠርሙስ ይዛ አየኋት። የቀሩትን ሁለት በሮች እየጠየቅን ነው።