ሽጉጥ ለገዛህ ልጄ፣ ስለ ባትሪው

ልጄ፣ የሜሪላንዱን ትምህርት ጨርሰህ፣ አሻራህን ሰጥተህ፣ ፈቃዱን አውጥተህ ሽጉጥ እንደገዛህ ነግረኸኛል። ከእሱ ጋር የሚሄድ ባትሪ የትኛው ይሻላል ብለህ ስትጠይቀኝ፣ ቆመን በምናወራበት ቦታ የሚመለስ ጥያቄ ስላልመሰለኝ ነው የምጽፍልህ። በዚህ አገር የሌሊት ጥበቃ ሠርቻለሁ፤ ባትሪ ይዤ ብዙ ጨለማ ኮሪደር ዞሬአለሁ። የማውቀውን እነሆ።

1. የባትሪው ዋና ሥራ ከፊትህ የቆመው ማን እንደሆነ መለየት ነው። አሜሪካዊው የተኩስ አስተማሪ ጄፍ ኩፐር ካስቀመጣቸው አራት የጥንቃቄ ሕጎች የመጨረሻው፣ ዒላማህን ለይተህ እወቅ፣ ከጀርባው ያለውንም እወቅ ይላል። ይህን ሕግ በጨለማ ውስጥ ያለ ብርሃን መጠበቅ አይቻልም።

አሁን የራስህን ቤት አስብ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ የሐበሻ ቤት ሌሊቱን ሙሉ ሰው ይገባበታል፣ ይወጣበታል። ቤዝመንቱን የተከራየው ልጅ ከፓርኪንግ ሥራው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመለሳል። እህትህ ሺፍቷ ተቀይሮባት ሳትነግርህ ቀድማ ትመጣለች። ቁልፉን የረሳው የአክስትህ ልጅ የፊቱን በር ከማንኳኳት ይልቅ የጓሮውን ይሞክራል። ከአገር ቤት የመጡት እናትህ ማንንም ላለመቀስቀስ መብራት ሳያበሩ፣ ነጠላቸውን ተከናንበው ለጸሎት ይነሣሉ። በሌሊት ኮቴ ስትሰማ የኮቴው ባለቤት ከወገንህ አንዱ የመሆኑ ዕድል ከሌባ ይልቅ የሰፋ ነው። ይህን ሳታምን ባትሪ አትምረጥ፤ ሽጉጡንም ባትይዘው ደስ ይለኛል።

2. በዚህ ምክንያት መጀመሪያ የምትገዛው በእጅ የሚያዝ ባትሪ ይሁን። ሻጩ ሽጉጡ አፍንጫ ሥር የሚገጠመውን ያሳይሃል፤ ጥሩ ዕቃ ነው፣ ግን ብቻውን አይበቃም። ሽጉጥ ላይ በተገጠመ መብራት አንድን ነገር ለማየት አፈሙዙን ወደዚያው ማዞር አለብህ። የኩፐር ሁለተኛ ሕግ ደግሞ ለማጥፋት ያልወሰንህበት ነገር ላይ አፈሙዝ አታዙር ይላል። እናትህን በአፈሙዝ እየፈለግህ ልታገኛቸው አይገባም።

የሚገጠመው መብራት ጥቅም እንዳለው አልክድም። አንድ እጅህን ነፃ ያደርግልሃል፤ በዚያ እጅ ስልክ ትይዛለህ፣ በር ትከፍታለህ፣ ልጅ ታቅፋለህ። ነገር ግን ማብሪያው ከምላጩ ጥቂት ጣት ብቻ ነው የሚርቀው። በዚህ አገር መብራት ላበራ ብለው ምላጭ የሳቡ ፖሊሶች አሉ፤ ሰውም ሞቷል። እነሱ የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። አንተ በደንብ ተምረህ፣ ደጋግመህ ተለማምደህ በኋላ ብትጨምረው እሰየው፤ ያኔም ቢሆን የእጁ ባትሪ ቦታውን አይለቅም።

3. የሉመን ቁጥር አያጓጓህ። ሉመን ከባትሪው የሚወጣው ብርሃን በጠቅላላው ነው፤ ካንዴላ ደግሞ የጨረሩ መሃል ምን ያህል እንደሚበረታ ይነግርሃል። ሁለት ባትሪዎች እኩል ሉመን ኖሯቸው አንዱ ሩቅ የሚሄድ ቀጭን ጨረር፣ ሌላው ክፍል የሚሞላ ሰፊ ብርሃን ሊሰጥ ይችላል። ሰፊ ጓሮ ወይም እርሻ ቢኖርህ ካንዴላው በርከት ያለውን እመርጥልህ ነበር። ለታውንሃውስ ኮሪደር ግን መሃሉ አጥርቶ የሚያሳይ፣ ዙሪያውም በደንብ የሚያበራ ይሻላል፤ ሰው ፊቱን ብቻ ሳይሆን እጆቹንም ማየት አለብህና። ስልክ የያዘ እጅና መሣሪያ የያዘ እጅ በደብዛዛ ብርሃን ይመሳሰላሉ።

ሹርፋየር 6ፒ የሚባለው፣ ለብዙ ዓመታት በአሜሪካ ፖሊሶች ኪስ የኖረው ትንሽ ባትሪ፣ በአምፖል ዘመኑ 65 ሉመን ነበረው። ብዙ ሰው በእሱ ሕይወቱን ጠብቋል። ዛሬ በኤልኢዲ ከ300 እስከ 600 ሉመን ለቤት ውስጥ ይበቃል ብዬ አምናለሁ። ከዚያ በላይ የሆነው ነጭ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ተመልሶ የራስህን ዓይን ይመታል፤ ከእንቅልፍ የነቃ፣ ጨለማ የለመደ ዓይን አንዴ በብርሃን ከደነዘዘ ደግሞ ጨለማውን እንደገና እስኪለምድ ብዙ ደቂቃ ይፈጅበታል።

ማሸጊያው ላይ ኤፍኤል1 የሚል ምልክት ፈልግ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ፣ አምራቾች ባትሪያቸውን በአንድ ዓይነት መንገድ እንዲለኩ የሚያደርግ መመሪያ ነው። ግን አነባበቡን እወቅ። 200 ሜትር ያበራል ሲልህ፣ እዚያ ርቀት ላይ ብርሃኑ የሙሉ ጨረቃን ያህል ይሆናል ማለቱ ነው፤ በጨረቃ የሰው መልክ መለየት እንደማይቻል አንተም ታውቃለህ። የሚበራበት ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ ብርሃኑ ከመነሻው ወደ 10 በመቶ እስኪወርድ ያለውን ጊዜ በሙሉ ይቆጥሩታል። በአምራቹ ቃል ብቻ 10,000 ሉመን የሚል ርካሽ ባትሪ ካየህ እለፈው።

4. ማብሪያው ጭራው ላይ ይሁን፤ አንድ ሥራ ብቻ ይሥራ። ተጭነህ ስትይዘው የሚበራ፣ ስትለቀው የሚጠፋ። መጀመሪያ ስትነካው በሙሉ ኃይሉ የሚበራውን ምረጥ። አንድ ጊዜ ሲጫኑት ደብዛዛ፣ ሁለት ጊዜ ሲጫኑት ደማቅ፣ ሦስት ጊዜ ሲጫኑት ብልጭ ድርግም የሚለውን ለካምፕ ተወው። በድንጋጤ ጊዜ ጣት አይቆጥርም። ብልጭ ድርግም የሚለው ሌላውን ያደናግራል ይላሉ፤ አንተንም ያደናግርሃል፣ የሰውየውንም እጅ ደህና አድርገህ እንዳታይ ያደርግሃል።

5. ባትሪ ድንጋዩን አትናቅ። ተራው አልካላይን መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ ሲቆይ ፈሳሽ ያወጣና ዕቃውን ይበላዋል። ሲአር123ኤ የሚባለው ባለ 3 ቮልት ሊቲየም ሳይነካ እስከ 10 ዓመት ይቀመጣል፤ ለአልጋ አጠገብ ባትሪ እሱን እመርጣለሁ። አሮጌና አዲስ፣ የተለያየ ፋብሪካም አትቀላቅል፤ አለመመጣጠኑ ሙቀት ይፈጥራል፣ ሊፈነዳም ይችላል። 18650 የሚባለውን በቻርጅ የሚሠራ ከወደድህ ለዕለት ሥራ ሌላ ባትሪ ይኑርህ፤ የአልጋው ባትሪ ቆሻሻ ለማውጣትም ሆነ መኪና ሥር ለማየት አይነሣ።

6. የት እንደምታስቀምጠው ከምትገዛው እኩል አስብበት። ሽጉጡ በተቆለፈ ሳጥን ውስጥ ይሁን። በሜሪላንድ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሊደርስበት በሚችል ቦታ የጎረሰ መሣሪያ መተውን አጥብቆ ይከለክላል፤ ሕጉ ባይኖርም እኔ ይህንኑ እልህ ነበር። ባትሪው ግን ከሳጥኑ ውጭ፣ ተኝተህ እጅህን ስትዘረጋ የምታገኘው ቦታ ይቀመጥ። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ እጅህ የሚገባው ብርሃን ነው። አብዛኛው የሌሊት ኮቴ እዚያው በብርሃኑ ያልቃል፤ ሳጥኑን መክፈት አያስፈልግህም።

7. አያያዙን ከአስተማሪ ተማር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማይክል ሃሪስ የፈጠረው አያያዝ አለ፤ ባትሪውን የያዘው እጅ ከሽጉጡ እጅ ሥር አልፎ ሁለቱ የእጅ ጀርባዎች ይደገፋሉ። ሁለቱን እጅ ያጸናል፤ ግን ብርሃኑንና አፈሙዙን አንድ ላይ ያስራቸዋል። የኤፍቢአይ የሚባለው ደግሞ ባትሪውን ከሰውነት አርቆ፣ ወደ ጎን ከፍ አድርጎ መያዝ ነው፤ ብርሃን አይቶ የሚተኩስ ሰው አንተን እንዳያገኝህ ተብሎ ነው፤ ክንድ ግን ቶሎ ይደክማል።

ለቤት ከሁለቱም በፊት እንድትለምደው የምፈልገው ሌላ ነው። ሽጉጡ አፈሙዙ ወደ መሬት ይሁን፤ ባትሪውን ወደ ጣሪያው አብራ። ነጭ ጣሪያ ብርሃኑን በክፍሉ ሁሉ ያፈስሰዋል፤ ማንም ላይ ሳታነጣጥር ማን እንደቆመ ታያለህ። በባዶ እጅህ፣ ባትሪውን ብቻ ይዘህ ዛሬ ማታ ሞክረውና በራስህ ዓይን እይ።

ከብርሃኑም በፊት ድምፅህ ይቅደም። "ማነው?" በል በአማርኛ፣ ጮክ ብለህ። የቤትህ ሰው ከሆነ ስሙን ይጠራልሃል። እናትህ በእንግሊዝኛ ብትጮህባቸው ደንግጠው ዝም ይላሉ፤ ያ ዝምታ ደግሞ አንተን ያሳስትሃል።

8. ቤት ውስጥ ካሉት መብራቶች ሁሉ የሚሻለው ግድግዳው ላይ ያለው ነው። አንድ ማብሪያ ስትነካ ኮሪደሩ ሁሉ ቢታይ ለምን በጨለማ ትታገላለህ? ቤተሰብህ አንድ ክፍል ውስጥ ከሆነ በሩን ዝጋ፣ 911 ደውል፣ አድራሻህን አስቀድመህ ተናገር፤ ቤቱን እየዞርህ ሌባ አትፈልግ። ፖሊስ ሲደርስ አንተም በእሱ ባትሪ ጨረር ውስጥ ያለህ፣ ማንነትህ ያልታወቀ ሰው ነህ። ሽጉጡን አስቀምጥ፤ እጅህ ባዶ ሆኖ ይታይ፤ ባትሪህንም ፊቱ ላይ አታብራ።

9. ሌሊት የሚገቡ ሁሉ በር ላይ ሲደርሱ እንዲደውሉ ወይም መልእክት እንዲልኩ ዛሬውኑ ተስማሙ። ሽጉጥ ቤት ውስጥ እንዳለ ቤዝመንት ያለው ልጅም ይወቅ፤ አለማወቁ እሱን አይጠብቀውም። ሶኬት ላይ የሚሰካ፣ ጨለማ ሲሆን ራሱ የሚበራ ትንሽ መብራት በጥቂት ዶላር ይሸጣል። አንዱን ደረጃው ራስ ላይ፣ አንዱን ከእናትህ መኝታ ቤት እስከ መታጠቢያው ባለው ኮሪደር፣ አንዱን ወጥ ቤት አድርግ። ከባትሪው በፊት እነሱን ግዛ፤ ከዚያ እሑድ ስንገናኝ ባትሪውን አብረን ሄደን እንመርጣለን።