መጋዝ ጾም አያውቅም

በሦስት ሚሊሜትር ተሸነፍኩ። የሣጥኑ ወለል በሁለቱ ጎኖች መካከል ጥብቅ ብሎ መግባት ሲገባው ላላብኝ፤ ብነካው ይንቀጫቀጫል። ሜትሩን ሦስቴ ዘረጋሁ፤ ያሰመርኩት ልክ ነበር። የሰፈራችን አናጺ ጋሼ በአጥር በኩል አይተው ገቡና ሳቁ። «ሁሉንም አጠጋግተህ አስምረህ ነዋ የቆረጥከው! መጋዝ ጾም አያውቅም ልጄ፤ ባለፈበት ሁሉ ይበላል።» የክቡ መጋዝ ምላጭ ሦስት ሚሊሜትር ገደማ እንጨት ዱቄት አድርጎ እንደሚያልፍ ማን ነግሮኝ!

የምሠራው አርኬድ ነበር። በአሜሪካና በጃፓን መጫወቻ ቤቶች እንደ ቁም ሣጥን ተደርድረው ሳንቲም የሚጎርሱት የጌም ማሽኖች ማለቴ ነው። እኔ ያደግኩት በጆተኒ ነው፤ ታናናሾቼ በፕሌይስቴሽን ቤት። አርኬድን የማውቀው በፊልም ብቻ ነበር። ታዲያ ምን ነካህ ብትሉኝ፣ መልሱ ትንሽ ያሳፍራል። በዚህ ዓምድ «ጀምሩ! ተነሡ!» እያልኩ ስከርም፣ እኔ ራሴ በእጄ አንድ ነገር ሠርቼ ከጨረስኩ ዓመታት አልፈዋል። ስለ እንጨት ሥራ የተመለከትኩት ቪዲዮ ግን ለቁጥር ያስቸግራል። ቪዲዮ ማየት ክፋቱ፣ የሠራን ያህል ደስ ማሰኘቱ ነው።

ያን ቀን ኮላውን ከድኜ ልተወው ነበር። ያስቆመኝ የአለን አልኮርን ታሪክ ነው። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1972፣ ቦታው ካሊፎርኒያ፤ አታሪ የተባለው ኩባንያ ገና መቋቋሙ ነበር። ከመሥራቾቹ አንዱ ኖላን ቡሽኔል አዲስ የቀጠረውን መሐንዲስ አልኮርንን፣ አንድ ኳስና ሁለት መምቻ ያለው ቀላል ጨዋታ እንዲሠራ አዘዘው። ጄኔራል ኤሌክትሪክ የሚፈልገው ሥራ ነው ብሎም ነገረው። እንዲህ ያለ ውል ግን አልነበረም፤ እጁን እንዲያፍታታ የተሰጠው መልመጃ ነው። አልኮርን በ75 ዶላር ጥቁርና ነጭ ሂታቺ ቴሌቪዥን ገዛና 1.2 ሜትር ቁመት ባለው የእንጨት ሣጥን ውስጥ ከተተው። ሣጥኑ ሰኒቬል ከተማ፣ አንዲ ካፕስ የሚባል መጠጥ ቤት ተቀመጠ። ብዙም ሳይቆይ ማሽኑ አልሠራ አለ ተብሎ አልኮርን ተጠራ። ከፍቶ ቢያይ የሳንቲም መያዣው ሞልቶ ተርፏል። ፖንግ የተባለው ዝነኛ የቪዲዮ ጨዋታ ማለት ያ መልመጃ ነው።

እኔም ሣጥኔን መልመጃ ብዬ ጠራሁት። ስሙ ሲቀየር ፍርሃቱ ቀለለኝ። ያልተቆረጠውን የኤምዲኤፍ ጣውላ ግድግዳ ላይ አስደግፌ፣ ሣጥኑን መጀመሪያ በካርቶን ልሞክረው ብዬ የቴሌቪዥን ካርቶን፣ ምላጭና ፕላስተር ይዤ እንደገና ቁጭ አልኩ።

ካርቶን ያስተማረኝን እንጨት ቢያስተምረኝ ኖሮ ከስሬ ነበር። የመጫወቻ ቁልፎቹን ከፊት ሰሌዳው ጠርዝ አጠገብ ደርድሬያቸው ኖሮ፣ ለመጫወት ስቀመጥ የእጄ አንጓ አየር ላይ ተንጠለጠለ። በማርከር ሰርዤ ወደ ውስጥ ገፋኋቸው፤ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ስክሪኑ ቀጥ ብሎ ከቆመ አንገት እንደሚያጎብጥ፣ ወደ ኋላ ጋደል ማለት እንዳለበትም ያወቅሁት ያኔ ነው። እንጨት ላይ የተበሳ ቀዳዳ እንደ ሸሚዝ አይጣፍም። ስሕተት መሥራታችን ካልቀረ በርካሹ ዕቃ ላይ እንሥራው።

ከዚያ ወደ እንጨቱ ተመለስኩ። ጠረጴዛ ላይ ለሚቀመጥ አርኬድ 122 በ244 ሴንቲሜትር የሆነ አንድ ኤምዲኤፍ ይበቃል፤ ለጥፋትም ይተርፋል። ሁለቱን ጎኖች ለየብቻ እየለካችሁ አትቁረጡ። አንዱን ቆርጣችሁ በብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉና እሱን በሌላው ላይ በሞርሳ አስራችሁ አስምሩ፤ መንታ ይሆናሉ። ኤምዲኤፍ በጠርዙ በኩል ቪስ ሲገባበት ይሰነጠቃልና በቀጭን መሰርሰሪያ ቀድማችሁ ብሱት። ጠርዙ ቀለም እንደ ጉድ ይጠጣል፤ ውሃ የገባበት ቀጭን ኮላ ቀብታችሁ፣ ሲደርቅ ሞርዳችሁ፣ ከዚያ ቀለም ቀቡት። ቁልፎቹን ሳትገዙ ቀዳዳ አትብሱ፤ አንዳንዱ 30፣ አንዳንዱ 28 ሚሊሜትር ይፈልጋል። ማስክ ማድረግ ግዴታ ነው፤ ብናኙ ሳንባ አይምርም።

ኤሌክትሪኩን ከፈራሁት ይልቅ ቀላል ሆኖ አገኘሁት። እያንዳንዱ ቁልፍ እንደ መብራት ማብሪያ ነው፤ ሁለት ሽቦ ብቻ። ሽቦዎቹ ወደ አንዲት ትንሽ ሰሌዳ ይገባሉ፣ ሰሌዳዋ የትኛው ቁልፍ እንደተነካ ሣጥኑ ውስጥ ላለው ኮምፒውተር በዩኤስቢ ትነግረዋለች። ኮምፒውተሩ አቧራ የጠጣ አሮጌ ቢሆንም ይሠራል። ጣሊያናዊው ኒኮላ ሳልሞሪያ እ.ኤ.አ. በ1997 የጀመረው፣ የድሮ የአርኬድ ጨዋታዎችን ኮምፒውተር ላይ የሚያጫውተው ማሜ የተባለው ሶፍትዌር በነጻ ይገኛል፤ ጨዋታዎቹ ግን ባለቤት አላቸውና የተፈቀዱትን ምረጡ። አደራ የምላችሁ አንድ ነገር አለ፦ ባለ ትልቅ ቱቦውን የድሮ ቴሌቪዥን እንዳትከፍቱ። ከሶኬት ተነቅሎም ቢሆን ኃይለኛ ኤሌክትሪክ አምቆ ሊቆይ ይችላል። ጠፍጣፋ ስክሪን ይበቃችኋል።

ያች የሦስት ሚሊሜትር ክፍተትስ? ቀጭን ቁራጭ በኮላ ለጥፌ ደፈንኳት። ከውስጥ ስለሆነች ማንም አያያትም። ጋሼ ግን ሊመርቁልኝ የመጡ ዕለት መጀመሪያ ያደረጉት፣ ጎንበስ ብለው በጣታቸው እሷን መዳሰስ ነበር። «ይዟል» አሉ። ቀጥሎ ከጎረቤት ሕፃን ጋር ተቀምጠው ክፉኛ ተሸነፉ፤ ድጋሚም ጠየቁ።

የእናንተ ሥራ አርኬድ ላይሆን ይችላል። የጫማ መደርደሪያም የዶሮ ቤትም ይሁን፣ ለፊታችን ቅዳሜ አንድ ካርቶን ፈልጉ። የማቀዝቀዣ ካርቶን ካገኛችሁ እሱ ይሻላል፤ ወፍራም ነው።